ዘጠነኛው ፎቶ

ወረቀቱ የተቀደደው በሩ ላይ ነው። ጳውሎስ ሁለት ፍሬም ደራርቦ አቅፎ የአዳራሹን በር በትከሻው ሲገፋ፣ የብረቱ እጀታ የላይኛውን መጠቅለያ ያዘና ከጫፍ እስከ መሀል ሰነጠቀው። ከኋላው የቀሩትን ፍሬሞች ከመኪና የምታወርደው ልጁ ያኔት ጮኸች።

"አባዬ፣ እሱን እንዳታየው! ሰርፕራይዝ ነው!"

አይቶታል።

ከተቀደደው ወረቀት ሥር አንድ ወታደር ቀጥ ብሎ ያየዋል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጎፈሬው ከቆቡ ሥር አምልጦ ወጥቷል። ጢሙ ገና አልጠነከረም። ከጀርባው ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ። ከፎቶው ግርጌ በወርቃማ ፊደል "አሥር አለቃ ጳውሎስ ደምሴ፣ 1970 ዓ.ም." ተብሎ ተጽፏል።

ፎቶው ላይ ያለው ጳውሎስ አልነበረም። ራጉኤል ነበር።

ያኔት የያዘችውን ፍሬም መሬት ላይ አስቀምጣ መጣች። እጇን አፏ ላይ ጭና ጠበቀች።

"ታዲያ? ምን ትላለህ?"

"ፍሬሙ ጥሩ ነው።"

"ፍሬሙ ጥሩ ነው ይለኛል! አባዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ነው የደበቅኩህ። መነጽርህን ስፈልግ ከመጽሐፍ ቅዱስህ ማኅደር ውስጥ አገኘሁት። ስካን አድርጌ ሳታውቅ መለስኩት።"

"እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?"

"ጀርባው ላይ ስምህ አለ እኮ። ሌላውን ማንበብ አልቻልኩም፣ የእጅ ጽሑፍ ነው። ጳውሎስ የሚለውንና ድሬዳዋ የሚለውን ግን ለይቻለሁ። ደግሞስ አፍንጫህን አላውቀውም?"

በዚያ ዘመን ሰው ፎቶ የሚነሳው ለራሱ አልነበረም፤ ለወዳጁ ነበር። ጀርባው ላይ የሚጻፈውም የተቀባዩ ስም ነው። የተነሺውማ ፊቱ አለ። ያኔት ከናይሮቢ ወደ አውስትራሊያ ስትመጣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ለእሷ ፎቶ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ጀርባ የለውም።

ጀርባው ላይ ያለው "ለወንድሜ ለጳውሎስ። ብንለያይ እንዳትረሳኝ። ድሬዳዋ፣ ኅዳር 1970" የሚል ነው። ጳውሎስ ሳያየው ያውቀዋል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። ያኔት ግን ትስቅ ነበር። የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ትናንት ናይት ሽፍት ገብታ ጠዋት ሳትተኛ ነው መኪና ውስጥ የገባችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ብዙ አላያትም። አፉን ዘጋና ፍሬሙን ይዞ ገባ።

አዳራሹ ሜልበርን ውስጥ ከፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። የሰኔ ብርድ ነው፤ ማሞቂያው ያንኳኳል እንጂ አያሞቅም። የኢትዮጵያውያን ማኅበር በዓመት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚህ ከተማ የሚኖሩ አረጋውያን ዘማቾችን ያከብራል። ዘንድሮ አሥራ አራት ናቸው። ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ምስማር ተመትቷል፤ እያንዳንዱ ዘማች ስሙ ሲጠራ ሄዶ በወጣትነቱ ፎቶ ሥር ይቆማል። የጳውሎስ ተራ ዘጠነኛ ነው።

በግራ በኩል ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ። እዚያ ላይ ቤተሰቦች ያቆዩት ዕቃ ይቀመጣል። አንድ የተሰረጎደ ኮዳ፣ ሁለት ሜዳልያ፣ ዘለበቱ የወለቀ ቀበቶ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ከግንባር የተላከ ደብዳቤ። ጠረጴዛውን የሚጠብቁት እትዬ ተረፈች ናቸው። ኮዳው የባላቸው ነው። ባላቸው ከሰሜን ግንባር አልተመለሰም፤ ኮዳውን ግን ሰው አመጣላቸው። የየዕቃውን ባለቤት ስም ካርድ ላይ እየጻፉ ያስቀምጣሉ።

"እጅ አይነካም!" አሉ፣ ቀበቶውን ሊያነሳ የሞከረ አንድ ሰው ላይ። "በዓይንህ እይ። ዓይን የተሰጠህ ለዚህ ነው።"

ጳውሎስ ፍሬሙን ዘጠነኛው ምስማር ላይ ሰቀለው። ተጣሟል ብሎ አስተካከለው። አልተጣመመም ነበር። ሙሔ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን መታው። ሙሔ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ እሱም የቀድሞ ወታደር፣ የመድፈኛ ክፍል ጸሐፊ የነበረ። የተዋወቁት ግን እዚሁ ሜልበርን ነው። ሰንሻይን ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት አብረው ፎርክሊፍት ነድተዋል።

"ይሄ ሎጋ ማን ነው?" አለ ሙሔ ፎቶውን እያየ። "ወላሂ ያኔት፣ አባትሽ ይሄ ከሆነ፣ እኔ ጋ ሃያ ዓመት የሠራው ሰውዬ ሌላ ነው። በስሙ ደመወዝ ሲበላ የኖረ።"

ያኔት ሳቀች። "ጋሽ ሙሔ፣ ይቀናሉ!"

"አልቀናም? እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጎመን ነበር የምመስለው።" ወደ ጳውሎስ ዞረ። "ባለፈው ዓመት የላይቩን ስርጭት ስንት ሰው እንዳየው ታውቃለህ? አራት ሺህ። ዘንድሮ በየአገሩ አስነግሬያለሁ። የእህቴ ልጅ ሱሀይብ ጭሮ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ሊከፍተው ነው፤ ለገበያተኛው ሁሉ።"

"የት?"

"ጭሮ። አሰበ ተፈሪ ነዋ፣ እኛ በጊዜያችን የምንላት።"

ጳውሎስ በመድረኩ ፊት ለፊት በሦስት እግር የቆመውን ካሜራ አየ። ካሜራው ግድግዳውን ነው የሚያየው። ሙሔን ክንዱን ያዘው።

"ና።"

"ወዴት? ሰው እየገባ ነው።"

"ና ስልህ።"

ወጥ ቤት ገቡ። የውሃ ማፍያው ይጮሃል። ጳውሎስ በሩን ገፋ፤ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

"ፎቶው እኔ አይደለሁም" አለ።

ሙሔ ሳቀ። ቀልዱ የቀጠለ መስሎት ነበር። የጳውሎስን ፊት ሲያይ ተወ።

"እና ማን ነው?"

"ጓደኛዬ ነው። የአሰበ ተፈሪ ልጅ።"

ጳውሎስ ረጅም ወሬ አይችልም። ቆሞ፣ ወለሉን እያየ፣ በአጭሩ ነገረው።

ጥይት የሚያመላልስ ኦራል መኪና ይነዳ ነበር። ራጉኤል ዓለሙ ጥይቱን ይጠብቃል። ጋቢና ውስጥ አብረው ያድራሉ። ኅዳር ላይ ድሬዳዋ ሲወርዱ ፎቶ ቤት ገብተው በየራሳቸው ተነሱ፤ ተለዋወጡ። የካቲት ላይ ከካራማራ ወዲህ ባለ አንድ ደረቅ ወንዝ፣ መንገዱ ፈንጂ አለው ተባለ። ራጉኤል ማንም ሳያዘው ከመኪናው ወርዶ ከጎማው ፊት ፊት እየተራመደ መንገድ መረጠለት። ሰባ እርምጃ ያህል መረጠለት። ጳውሎስ በእጁ ቀበረው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ፈቃድ አግኝቶ አሰበ ተፈሪ ሄደ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ። ቤቱን ጠይቆ አገኘው። በር ላይ ምስር የምትለቅም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መለዮውን ስታይ ሰፌዱን ጥላ ተነሳች። "እማዬ! ከራጉኤል ዘንድ ሰው መጣ!" አለች። ማንተግቦሽ ናት። ጳውሎስ ሳያያት ያውቃታል፤ ራጉኤል ከእህቱ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እናትዮዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ።

"ልጄ ደህና ነው?" አሉ።

መርዶ በቀትር አይነገርም። አንድ ሰውም ብቻውን አይናገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኩቶ ነው። ጳውሎስ ይህን ያውቃል። ስለዚህ "ደህና ነው" አለ። "ፈቃድ ሲያገኝ ይመጣል" አለ። አስገቡት። ምሳ አቀረቡለት። ማንተግቦሽ ውሃ አስታጠበችው። በላ። ሲወጣ ለራጉኤል ስንቅ ሰጡት፤ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ተቋጥሮ።

ሐሳቡ አልቤርጎ አድሮ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ፈልጎ፣ ንጋት ላይ አብሯቸው ሊመለስ ነበር። ሌሊቱን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አደረ። ደህና ነው ብሎ ምሳቸውን በልቶ እንዴት እንደሚመለስ አጣው። ሊነጋጋ ሲል ተነሳና አውቶቡስ ተሳፈረ። ዳቦ ቆሎውን መንገድ ላይ ለተሳፋሪ አደለው።

"ከዚያስ?" አለ ሙሔ።

"ከዚያ አርባ ሰባት ዓመት።"

ሙሔ የውሃ ማፍያውን አጠፋው።

"አንተ ጴንጤ" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። "ለእናንተ ውሸት አይፈቀድም ሲሉ እሰማ ነበር።"

"ያኔ ጴንጤ አልነበርኩም።"

"እሱስ ልክ ነው።" አገጩን አሸ። ሙሔ ችግር ሲሰማ መላ ካልፈለገ አያርፍም። "ቀላል ነው እኮ። ስሙን እንቀይረዋለን። ቢሮ ፕሪንተር አለ። ራጉኤል ዓለሙ፣ በምሥራቅ ግንባር የወደቀ፣ ብለን እንለጥፍበታለን። አንተም ትገላገላለህ፣ እሱም ይከበራል። በሕይወት ላለ ብቻ ነው የሚለውን ደንብ እኔ እመልስልሃለሁ።"

ጳውሎስ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ነገሩ ቀለለው። እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከዛሬ ምን ይዞት ነበር?

"እህቱን በቴሌቪዥን ልታረዷት ነው?"

ሁለቱም ዞሩ። እትዬ ተረፈች ኮዳውን በፎጣ እያሹ በሩ ላይ ቆመዋል።

"እትዬ፣ ሰሙ እንዴ?" አለ ሙሔ።

"ወጥ ቤት ገብቶ ምስጢር የሚያወራ ወንድ፣ ሰሙ እንዴ ይለኛል።" ወደ ውስጥ ገቡ። ጳውሎስን እንጂ ሙሔን አላዩም። "እኔ ባሌን የተረዳሁት ከሄደ በስምንተኛው ዓመት ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል፤ አጎቴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ስወድቅ የያዘኝ እጅ ስንት እንደነበር አላውቅም። ብዙ ነበር። ያ እጅ ነው ያቆየኝ።"

"እሱማ..." አለ ሙሔ።

"ቆይ። ይቺ ሴት ግን ስኳር ልትገዛ ሱቅ ትገባለች። ቀና ስትል ወንድሟ ቴሌቪዥን ላይ። የወደቀ የሚል ጽሑፍ ከሥሩ። ማን ይይዛታል? የእህትህ ልጅ በአንድ እጁ ሚዛን ይዞ?"



"በኔ ስም ሆኖ ብታየውስ?" አለ ጳውሎስ።

"ያማ ይብሳል። ወንድሜ አውስትራሊያ አለ ብላ ነገ ጠዋት ትደውላለች።" እትዬ ተረፈች ኮዳውን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። "አውርደው።"

"እትዬ፣ አሥራ አራት ሰው ተብሎ ታትሟል" አለ ሙሔ። "ይውረድ እሺ። የእሱን ቦታ በምን እንሞላዋለን?"

"በምንም" አለ ጳውሎስና ወጣ።

ያኔት መሰላል ላይ ሆና አሥራ ሦስተኛውን ፍሬም እየሰቀለች ነበር። አባቷ ዘጠነኛውን ሲያወርድ አየችው።

"አባዬ? ምን ሆነ? ተጣመመ?"

"ውረጂ እስቲ።"

ወረደች። ጳውሎስ ፍሬሙን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስደገፈው። ከዚያ ነገራት፤ ለሙሔ ከነገረውም ባጠረ ቃል። ያኔት መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር የምትሰማው። ፈገግታው ትንሽ በትንሽ ሄደ።

"ለምን ጠዋት አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበር።"

"አባዬ!" የቀረውን በእንግሊዝኛ ተናገረችው፤ ሲከፋት የሚመጣላት ቋንቋ እሱ ነው። ጳውሎስ ግማሹን ነው የያዘው። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች። "ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ነበር። ሽፍት ልገባ ስል ስልኬን ከፍቼ አየዋለሁ። አባዬ እንዲህ ነበር፣ አባዬ ወጣት ነበር፣ እያልኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳይቻለሁ። ሰው አሳስቻለሁ እኮ።"

"አላወቅሽም።"

"አንተ ግን ታውቅ ነበር።" እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ፍሬሙን ዘወር አድርጋ ደግማ አየችው። "ያንተስ? ተለዋወጥን አላልክም? የአንተ ፎቶ የት ነው?"

"እሱ ጋ።"

"እሱ ጋ የት? ቤተሰቦቹ ጋ?"

"ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።"

ያኔት ለማስተዋል ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት አባቷን አላየችውም፤ የራጉኤልን ደረት ኪስ ነው ያየችው። ቁልፉ ተቆልፏል። ከዚያ ሄዳ የተቀደደውን ወረቀትና ፕላስተር አመጣች። ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ በጥንቃቄ ጠቀለለችው። ጳውሎስ ፕላስተሩን እየቆረጠ ሰጣት።

ሙሔ አጠገባቸው ሲደርስ ጳውሎስ፣

"ለሱሀይብ ደውልለት" አለው። "ማንተግቦሽ ዓለሙ የምትባል ሴት ትኑር አትኑር ይጠይቅ። እሷን ግን እንዳይጠይቅ።"

"እኔን መርዶ ልታስተምረኝ ነው?" አለ ሙሔ። ስልኩን ግን እያወጣ ወደ ውጭ ሄደ።

ፕሮግራሙ በስምንት ሰዓት ተጀመረ። አሰበ ተፈሪ ያን ጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩን የምትመራው የሙሔ ልጅ ኒስሪን ናት። ስም ይጠራል፤ አንድ ሽማግሌ ይነሳል፤ አንዱ በምርኩዝ፣ አንዱ በልጁ ትከሻ፣ ሄዶ በፎቶው ሥር ይቆማል። ሰው ያጨበጭባል። ስምንተኛው ሲቆም ጳውሎስ ኮቱን ቆለፈ።

"አሥር አለቃ ጳውሎስ ደምሴ።"

ተነሳ። ሄዶ በባዶው ምስማር ሥር ቆመ። ጭብጨባው በየቦታው ተንጠባጠበ። ኋላ የተቀመጡት እርስ በርስ ተንሾካሾኩ።

"ጋሽ ጳውሎስ" አለች ኒስሪን በማይክሮፎን፣ ልታግዘው ብላ፣ "ፎቶዎትን ቤት ረሱት እንዴ?"

ሰው ሳቀ።

"የለኝም" አለ።

ካሜራው እሱ ላይ ነበር። አልሸሸውም። ማንተግቦሽ አሰበ ተፈሪ ሱቅ ውስጥ ቆማ ብታየውም አታውቀውም። ፊቱ ላይ ያ ምሳ የበላው ወታደር አልቀረም። ይህን ሲያስብ ትንሽ እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም አፈረ። የቀሩት አምስቱ እስኪጠሩ ቆሞ ጠበቀ። ጉልበቱ ያመዋል። ጋቢ አለበሱት። ቁጭ በል ሲሉት ተቀመጠ።

ሙሔ የመጣው ሰው ወደ ምግቡ ሲነሳ ነው። ጳውሎስንና ያኔትን በር አጠገብ አገኛቸው። ስልኩን በእጁ ጨብጧል።

"አለች" አለ።

ጳውሎስ ጠበቀ።

"እናትዮዋ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሞተዋል። እሷ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። የሱሀይብ ደንበኛ ናት። ሦስት ልጅ ወልዳለች። የመጀመሪያውን ራጉኤል ብላዋለች።"

"ተረድታለች?"

"አልተረዳችም። የነገራት የለም፤ መንግሥትም፣ ማንም። ሰፈሩ ሞቷል ብሎ ከተወው ቆይቷል፤ እሷ ግን አትቀበልም።"

"ለምን?"

ሙሔ ስልኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ሙሔ። ለምን?"

"ወታደር ጓደኛው ቤታችን መጥቶ ደህና ነው ብሎናል ትላለች። ምሳ በልቶ፣ ስንቅ ይዞለት ሄዷል ትላለች። ያንን ሰውዬ ያገኘሁት ቀን ወንድሜን አገኛለሁ ትላለች።"

ያኔት አባቷን ክንዱን ያዘችው። ጳውሎስ ግድግዳውን ተደገፈ። በውጭ ትራም ደወሉን እየመታ አለፈ።

"ስማኝ" አለ ሙሔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሱሀይብ ለአባቱ ነግሯቸዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሚሰሙ። ዛሬ ማታ ሽማግሌ ይሰበስባሉ። እዚያ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው ለቅሶ የሚወጣው። ነገ ሊነጋጋ ሲል በሯ ላይ ይቆማሉ። እንደ ወጉ። አንተ እዚህ ጉልበትህን ይዘህ ተቀመጥ። የአርባ ሰባት ዓመት ነገር ነገ ያልቃል።"

ነገ ያልቃል። ጳውሎስ ቃሉን ሰማው። ነገ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ቤት ገብቶ፣ ምሳውን በልቶ ይተኛል። ያልቃል። ሌሎች ያንኳኳሉ፣ ሌሎች ይይዟታል። ማንም ስሙን አያነሳም።

"ከየት ሰማችሁ ብትላቸውስ?" አለ።

"ከአውስትራሊያ ተደወለ ይሏታል።"

"ማን ደወለ ብትልስ?"

"አንድ የሚያውቀው ሰው ይሏታል። ምን ያስጨንቅሃል?"

"ምሳ የበላው ሰውዬ እሱ ነው ወይ ብትልስ?"

ሙሔ ስልኩን ወደ ኪሱ መክተት ጀመረ።

"እንዳይነግሯት በለው" አለ ጳውሎስ።

"እንዴ?"

"ሽማግሌዎቹን ያዘጋጁ። እኔ እስክመጣ ግን እንዳይነግሯት። ደህና ነው ያልኳት እኔ ነኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ደረጃ መውጣት እኮ አቅቶሃል። ደግሞስ ብትሰድብህ? ብትራገምህስ?"

"ትችላለች።"

"ልጆቿ ቢደበድቡህስ?"

"አንዱ ራጉኤል ነው አላልክም? በእሱ ቢሆን አይከፋኝም።"

ሙሔ መሳቅ ፈልጎ አልሆነለትም። የጳውሎስን አንገት በእጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው፤ ግንባራቸው ሊነካካ ደረሰ። ከዚያ ለቀቀውና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። "ሱሀይብ፣ ስማ፣ ለአባትህ እንዲህ በላቸው" ሲል ተሰማ።

ያኔት ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር አንዱን ስባ አባቷን አስቀመጠችው። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል። በአውራ ጣቷ እየገፋች ፈለገች።

"ሐሙስ አዲስ አበባ የሚገባ አለ" አለች። "እኔም እመጣለሁ።"

"ሥራሽስ?"

"ሊቭ እወስዳለሁ። መርዶ ሰው ብቻውን አይናገረውም ስትል አልነበር? እኔ እይዝሃለሁ።"

ጳውሎስ ልጁን አያት። ብዙ ጊዜ እንዲህ አላያትም።

"እሺ" አለ።

"ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ደግሞ ዓርብ ሁለት በረራ አለ። የጠዋቱ ይሻላል፤ ከድሬ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ አሰበ ተፈሪ ያደርሰናል። መንገድ አይመሽብንም፣ ጉልበትህንም ታሳርፋለህ። የከሰዓቱ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው የሚያስገባን፣ በጨለማ።" አውራ ጣቷን የጠዋቱ ላይ አሳረፈች። "ቡክ ላድርገው?"

ጳውሎስ እጁን ዘርግቶ የልጁን እጅ ከስልኩ ላይ ቀስ ብሎ አነሳው።

"በቀትር አልገባም" አለ። "የከሰዓቱን ያዢልኝ።"